ጣልቃ ገብ ወይስ ገላጋይ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች! እንግሊዝኛ ስንማር «ኢንተርቪን» የሚል ግሥ ያጋጥመናል። ብዙ ጊዜ «ጣልቃ ገባ» ተብሎ ይተረጐማል። ትርጉሙ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን በእኛ አነጋገር «ጣልቃ ገብ» ስድብ ስለሚመስል ቃሉን በግማሹ ብቻ እንዳንረዳው ያሰጋል።

ግሡ የተገኘው ከላቲን ቋንቋ ነው። «ኢንተር» መካከል፣ «ቬኒሬ» መምጣት ማለት ነው፤ ሲጋጠሙ «በመካከል መጣ» ይሆናል። በጉዳይ ውስጥ ለመግባት ሲነገር «ኢን»፣ በሁለት ሰዎች መካከል ለመቆም ሲነገር «ቢትዊን» ይከተለዋል። ልብ ልንለው የሚገባ ሌላም ነገር አለ፤ ግሡ ተሳቢ አይወስድም። «መታ» ስንል «ማንን?» ተብሎ ይጠየቃል። «በመካከል መጣ» ስንል ግን የሚመታ የለም፤ የመጣው ሰው ብቻ ቆሞ ይታያል።

በአገራችን ፍርድ ቤትም በሌሎች ሙግት መብቱ የሚነካበት ሰው በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት «ጣልቃ ገብ» ሆኖ ይከራከራል። በዚያ ቃሉ ነውር የለበትም፤ ነገሩ ይመለከተዋልና።

ታዲያ የሚነቀፈው የቱ ነው? መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 26 ቁጥር 17 በማይመለከተው ጠብ የሚገባውን ሰው የውሻ ጆሮ ከሚይዝ ጋር ያመሳስለዋል። እንዲህ ያለው ሰው ጠቡን አያበርድም፤ ራሱም ይነከሳል።

የሚመሰገነውን ደግሞ በ1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 25 እናገኛለን። ናባል 3,000 በጎችና 1,000 ፍየሎች የነበሩት ባለጠጋ ነው። የዳዊት ሰዎች እረኞቹን በምድረ በዳ ጠብቀውለት ሳለ ስንቅ ቢለምኑት ሰድቦ መለሳቸው። ዳዊትም ተቈጥቶ 400 ሰዎች አስከትሎ ሰይፉን ታጠቀ። የናባል ሚስት አቢግያ ይህን ከአገልጋይ ሰምታ አልዘገየችም፤ 200 እንጀራ፣ 5 የተዘጋጁ በጎች፣ ወይንና ዘቢብም በአህያ አስጭና በመንገድ ደረሰችበት።

ከእርስዋ ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ደም ሳይፈስ ደረሰች። ሁለተኛ፣ ባዶ እጅዋን አልመጣችም፤ ጠቡን ያመጣው የተከለከለው ምግብ ነበርና እርሱኑ ይዛ መጣች፤ የባልዋንም በደል በራስዋ ላይ ወሰደች። ሦስተኛ፣ ለሁለቱም እውነቱን ተናገረች፤ ለዳዊት በከንቱ ያፈሰሰው ደም ኋላ የሕሊና ዕዳ እንደሚሆንበት አስረዳችው፤ ለናባልም ስካሩ ሲለቀው የሆነውን ሁሉ ነገረችው። ስለዚህ የናባልን ቤት ከሞት፣ ዳዊትን ደግሞ ከኃጢአት አዳነች።

ወጣቶች ሆይ! በጎረቤት ሴት ስትደበደብ ጩኸቷን እየሰማን «የባልና ሚስት ነገር ነው፣ ምን አገባን» ብለን በራችንን የምንዘጋ ስንቶች ነን? የሰው ሕይወት የማይመለከተው ክርስቲያን የለም። ወሬ ሊለቅም የሚገባ ጣልቃ ገብ ነው፤ ዱላው እንዳያርፍ የሚቆም ግን ገላጋይ ነው። ገላጋይም ዱላ ሊያርፍበት ይችላል፤ ስለዚህ ብቻችንን ባንችል ጎረቤት እንጥራ፣ ለፖሊስ እናመልክት፤ ዝም ግን አንበል። ነግ በእኔ ነውና።

የሰላም አምላክ በመካከል የምንቆምበትን ድፍረትና ማስተዋል ያድለን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።