የእንግዳ ወግና የባለቤት መብት

ለእንግዳ ቤትን መክፈት የኖረ ወግ ነው፤ ቤትን ለእንግዳ ማከራየት ግን ሌላ ግንኙነት ነው። በመጀመሪያው አስተናጋጁ ክብርን፣ በሁለተኛው ዋጋን ይቀበላል። የደጋ ሕዝብ ምድሩንና ባህሉን ለአገር ጎብኚ በክፍያ ሲያሳይ የሚነሣው ጥያቄም ይኸው ነው፦ ባህል በገበያ መካከል አልፎ ባህልነቱን ይዞ ሊዘልቅ ይችላልን?

ጥያቄው ለአርሲ ደጋ ባዕድ አይደለም። ከአሰላ በስተደቡብ፣ ከበቆጂና ከአሳሳ ወዲያ በሚገኙት የአዳባና የዶዶላ ወረዳዎች፣ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ድጋፍ «ዋጂብ» የተሰኙ የደን ነዋሪዎች ማኅበራት እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ከመንግሥት ጋር ውል ተዋዋሉ። ለአንድ አባወራ 12 ሄክታር ደን ታስቦ፣ በአንድ ማኅበር ከ30 የማይበልጡ አባላት ጥበቃውንም ጥቅሙንም በጋራ ያዙ። በዋሆሮ፣ በአንጋፉ፣ በአዴሌ፣ በሞሎሊቾና በዱሮ የጎብኚ ማረፊያዎች ተሠሩ፤ ፈረስ አከራዩ፣ መንገድ መሪውና የማረፊያው ጠባቂ የድካማቸውን ዋጋ አገኙ። ደንን በመቁረጥ ብቻ ይፈለግ የነበረው ጥቅም ደንን በማቆየትም ሊገኝ እንደሚችል በተግባር ታየ።

በዚህ ነውር የለም። ፈረስን መከራየት፣ መኝታን ማዘጋጀት፣ መንገድን መምራት የጉልበትና የዕውቀት ሥራ ነውና ሊከፈልበት ይገባል። አስቸጋሪው ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። የአርሲ ኦሮሞ ሴቶች ሲንቄ ለምሳሌ ይጠቀስ። ሴት ስታገባ የምትቀበለው ይህ በትር የክብሯና የመብቷ ምልክት ነው። አንዲት ሴት ስትበደል ሌሎቹ ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ በጠበኞች መካከልም ገብተው ጠብን ያበርዳሉ። የበትሩ ኃይል የሚመነጨው በእውነተኛ በደልና በእውነተኛ ጠብ ጊዜ ከመነሣቱ ነው። በየዕለቱ ለፎቶግራፍ የሚነሣ ሲንቄ በመከራ ቀን ሲነሣ ማን ያፍርለታል?

ያልታየ ባህል ይረሳል የሚሉ አሉ። አባባሉ እውነትነት አለው፤ ይሁን እንጂ ማሳየትና ማስመሰል አንድ አይደሉም። በትሩን አሳይቶ ትርጉሙን መንገር ማስተማር ነው፤ ያልደረሰን በደል በክፍያ መተወን ግን የነገውን አቤቱታ ከወዲሁ ማርከስ ነው። ሌሎች ደግሞ ውሳኔው የኅብረተሰቡ ነው ይላሉ። ኅብረተሰብ ግን አንድ ድምፅ ብቻ የለውም። ሲንቄው የሴቶች ሆኖ ሳለ፣ ፈረስ አከራዮች በተሰበሰቡበት ሸንጎ ስለ ሲንቄ መወሰን በባለቤትነት ስም ባለቤቷን መንጠቅ ነው።

ባለቤትነት ከሁሉ አስቀድሞ እምቢ ማለት መቻል ነው። እምቢታ ግን በባዶ መሶብ አጠገብ ይደክማል። ስለዚህ የፈረሱና የማረፊያው ገቢ ከፍተኛው ፋይዳ የማይሸጠውን ላለመሸጥ አቅም መስጠቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከተቋቋመ ወዲህ ጥያቄው ወደ ጭላሎና ወደ ገለማ ተራሮችም ቀርቧል። በመሆኑም የባህል ሠራተኛው፣ መምህሩና ከያኒው መድረክ ከማዘጋጀታቸው በፊት ጎብኚው ምን ማየት እንደሚሻ ብቻ ሳይሆን፣ ባለቤቷ ምን ማሳየት እንደማትሻ ሊጠይቁ ይገባል። መልሷም ዝምታ ከሆነ፣ ዝምታው እንደ እሺታ አይቆጠር።