መርከቡ መቼ ይወርዳል?

ባሕር ባላቸው አገሮች የሸራ ጀልባዎች ለጥገና ከውኃ ወጥተው የሚቆሙበት ግቢ አለ። ጀልባዋ ግራና ቀኝ በእንጨትና በብረት ተደግፋ ትቆማለች። ባለቤቱ ገንዘቡን በቤት ኪራይ ከሚጨርስ ብሎ እዚያው ጀልባዋ ውስጥ ይኖራል። ማታ በመሰላል ወጥቶ ይተኛል፤ ሌሊት ሽንቱ ከመጣ በመሰላል ወርዶ የግቢውን መጸዳጃ ቤት ይፈልጋል። ውኃ በጄሪካን ያወጣል። ቀን ቀን የጀልባዋን ሆድ ይፍቃል፣ ቀለም ይቀባል፣ ሸራ ይጥፋል። «መቼ ነው ወደ ውኃ የምትመለሰው?» ብትሉት፣ «በሚቀጥለው ወር!» ይላችኋል። ቀለሙ ሲያልቅ ሞተሩ ይበላሻል፤ ሞተሩ ሲሠራ ገንዘቡ ያልቃል፤ ገንዘቡ ሲገኝ የነፋሱ ወራት ያልፋል። በሳምንታት ውስጥ የሚወርድ አለ፤ ዓመታት የሚቀመጥም አለ።

«እኛ ምን ባሕር አለንና!» እንዳትሉኝ። ባሕር ባይኖረንም የብስ ላይ በቆመ መርከብ ውስጥ የምንኖር ሞልተናል። በ1997 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ «ቤቱ ሲደርሰኝ አገባለሁ» እንዳለ የሸበተ ስንት አለ? «ፕሮሰስ ላይ ነኝ» ብሎ አልጋ እንኳ ሳይገዛ ፍራሽ መሬት ላይ ዘርግቶ ዓመታት የሚያድርስ?

አንድ የአምባሰል ልጅ የሆነ ወዳጅ አለኝ። አዲስ አበባ ተቀምጦ ቪዛ ሲጠብቅ ዘጠኝ ዓመት ሞላው። እናቱ መስከረም በጠባ ቁጥር «ልጄ፣ ዘንድሮ እንኳ ግሸንን አብረን እንሳለም» ይሉታል። እሱም «እማዬ፣ ፕሮሰሱ ይለቅና፣ ተደስተን እንሄዳለን» ይላል። በአሥረኛው ዓመት ፕሮሰሱ አለቀ። እናቱ ግን ቀድመው አልቀው ነበር። መስከረም 21 ቀን ግሸን ላይ አገኘሁት። ዳገቱን እየወጣን፣ «ከቤታችን እስከዚህ እኮ ያን ያህል ሩቅ አይደለም» አለኝ። ሌላ አልጨመረም፤ እኔም የምለው አጣሁ።

ግሸን ራሷ ስለ መጠበቅ ብዙ የምታውቅ አምባ ናት። በመካከለኛው ዘመን ለዙፋን ያሰጋሉ የተባሉ የነገሥታት ልጆች እየተወሰዱ የሚቀመጡት እዚያ ነበር። ዙሪያው ገደል ነው፤ በሩ በዘበኛ ይጠበቅ ነበር። «ንገሥ» የሚል መልእክተኛ ሳይመጣለት እዚያው ያረጀና የሞተ አለ። ዘርዓ ያዕቆብ ግን ከዚያ ወርዶ እ.ኤ.አ. በ1434 ነገሠ። በመጻሕፍቱ ስሙ ሲነሣ የሚኖር ንጉሥ ነው። ያ ሁሉ ዕውቀት ዘውድ በጫነ ማግስት የበቀለ አይመስለኝም።

እንግዲህ መጠበቅ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ቤቱንም ቪዛውንም የሚሰጡት ሌሎች ናቸው፤ የዚያ በር ቁልፍ በእጃችን የለም። ግሸንን ከእናት ጋር መሳለምን ግን ማን ከለከለ? ያን በር የዘጋነው እኛው ነን።

ስለ ሁለት ዓይነት ጀልባዎች ልንገራችሁ። የጣና የደንገል ታንኳ ውኃ ይጠጣል። ስለዚህ ከሥራ በኋላ ዳር ወጥቶ ፀሐይ ላይ ካልደረቀ እየከበደ ይሄዳል። ለእንደዚህ ዓይነቱ ነገር የብስ ላይ መቆየት መዳኛ ነው፤ ሳይዘጋጁ ውኃ መግባትም ጀግንነት አይደለም። ከጣውላ የተሠራ ጀልባ ግን ተቃራኒው ነው። ከውኃ ርቆ ብዙ ከቆየ እንጨቱ ይደርቅና መጋጠሚያው ይከፈታል። ወደ ውኃ ሲመለስ መጀመሪያ ያስገባል፤ ጣውላው ውኃ ጠጥቶ ሲያብጥ ነው ክፍተቱ የሚደፈነው። ይህን ጀልባ «ፍጹም እስኪዘጋጅ» ብሎ ያቆየው ሰው፣ በማቆየቱ ራሱ ይሰነጥቀዋል።

ትምህርትና ሥራ እንደ ታንኳው ጊዜ ሊሰጣቸው ይችል ይሆናል። ትዳር፣ ወዳጅነት፣ የእናት ልመና ግን የጣውላው ዓይነት ይመስሉኛል። እነዚህን «ሲመቸኝ» ብለን የብስ ላይ ስናቆያቸው እየተዘጋጁ አይደለም፤ እየተሰነጠቁ ነው።

የእናንተስ መርከብ መቼ ይወርዳል? «በሚቀጥለው ወር» ካላችሁኝ አልከራከርም። ጥገናው ይቀጥል፤ ብቻ ዛሬ ማታ መሰላሉን ከመውጣታችሁ በፊት እናታችሁ ጋ ደውሉ።