ከአፋፍ መመለስ ሽንፈት ነውን?

 

አንድ ሰው የጀመረውን መንገድ ሳይጨርስ ቢመለስ ተሸነፈ ይባላልን? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የብዙ ሰው ሕይወት የሚተርፈው ወይም የሚጠፋው በዚህች ጥያቄ መልስ ነውና አንድ ምሳሌ ይዘን ረጋ ብለን ብንመለከታት መልካም ነው።

በሰሜን አሜሪካ፣ ኒው ሃምፕሻየር በሚባለው ግዛት፣ ነጭ ተራሮች የሚባሉ ተራሮች አሉ። በዚያ አገር ክረምት ማለት እንደኛ ዝናብና ጭቃ ሳይሆን በረዶ ነው። በረዶውም እኛ እንደምናውቀው እንደ ጠጠር የሚወርድ አይደለም፤ እንደ ተባዘተ ጥጥ እየወረደ ይከመራል። ስለዚህ በክረምት ተራራ የሚወጡ ሰዎች ከጫማቸው ሥር ሰፌድ የመሰለ ሰፊ መርገጫ ያስራሉ። ጥበቡ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ነው፤ እንጨት አጉብጠው በቆዳ ጠፍር እየጠለፉ ይሠሩት ነበር። ዛሬ ከብረትና ከፕላስቲክ ይሠራል። የሰውየው ክብደት በሰፊ ቦታ ላይ ስለሚከፋፈል እግሩ በበረዶው ውስጥ አይሰጥምም።

ከእነዚህ ተራሮች ከፍተኛው ዋሽንግተን የተባለው ሲሆን ቁመቱ 1,917 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ራሷ ከዚህ ከፍ ያለች ናት! ከ4,500 ሜትር በላይ ከሆነው ከራስ ዳሸን ጋር ቢተያይማ እንደ ጉብታ ይቆጠራል። ሆኖም እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 12 ቀን 1934 በዚህ ተራራ አናት ላይ በሰዓት 372 ኪሎ ሜትር የሚከንፍ ነፋስ ተለክቷል። ይህም ልክ እ.ኤ.አ. በ1996 በአውስትራሊያ በነበረው ማዕበል እስኪበለጥ ድረስ ከስድሳ ዓመታት በላይ በዓለም ተወዳዳሪ አልነበረውም። ካለፈው መቶ ዓመት አጋማሽ ሳይሆን ከዚያ ቀደም ካለው ከ1849 ጀምሮ በዚህ ተራራና በአካባቢው ሕይወታቸውን ያጡ ሰዎች ከመቶ ይበልጣሉ። አበው «የናቁት ያደርጋል ራቁት» ያሉት ለዚህ አይደለምን?

በዚያ አገር በታኅሣሥ ወር ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። የዙህር ሰላት ከተሰገደ ብዙም ሳይቆይ ዐስር፣ ከዚያም መግሪብ ይደርሳል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ተጓዦች ገና ጧት ከቤት ሳይወጡ «በዚህ ሰዓት የትም ብንደርስ እንመለሳለን» ብለው ይወስናሉ። ለምን ጧት? ምክንያቱም ብርድ የሰውን ማመዛዘኛ ጭምር ያጠቃል። ብርድ የገባበት ሰው ይንተባተባል፣ ይደናቀፋል፣ እጁም አይታዘዝለትም፤ እርሱ ግን ደህና ነኝ ይላል። ጫፉ በዐይን ሲታይ ደግሞ ነፍስያ «ጥቂት ቀርቶሃል፣ ይህን ሁሉ ደክመህ ልትመለስ ነውን?» እያለች ትወተውታለች። በዚያች ሰዓት የሚወስን ሰው በሰከረ ዳኛ ፊት እንደቆመ ባለጉዳይ ነው። ጧት የወሰነ ግን በሙሉ አእምሮው የሰጠውን ፍርድ ብቻ ይፈጽማል።

እዚህ ላይ አንዳንድ ሰው «ሞት የተጻፈ ነው፤ ሙእሚን በአላህ ላይ ይመካል እንጂ ለምን ወደ ኋላ ይላል?» ይል ይሆናል። ለዚህ መልሱን ከኸሊፋው ከዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) እናገኛለን። በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ ገደማ ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ ከሚባል ስፍራ ሲደርሱ በአገሩ ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙ። ተማከሩና ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ከአላህ ውሳኔ መሸሽ እንዳይሆን ሲጠይቋቸው፣ ሽሽቱ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር መሆኑን ነገሯቸው። ግመሎቹን ይዞ አንዱ ጎኑ ለምለም፣ ሌላው ጎኑ ደረቅ ወደሆነ ሸለቆ የወረደ ሰው በየትኛውም ጎን ቢያሰማራ ያው በአላህ ውሳኔ እንደሆነ አስረዷቸው። ኋላም ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) መጥተው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወረርሽኝ ወዳለበት አገር እንዳይገባ፣ ካለበትም ሸሽቶ እንዳይወጣ ማዘዛቸውን ሲናገሩ፣ ዑመር አላህን አመስግነው ተመለሱ። እንግዲህ መመለስም ከቀደር ውጭ አይደለም። ተወኩል ማለት ዐይንን ጨፍኖ ገደል መግባት አይደለምና።

ሌላው ደግሞ «ታዲያ ድካሙ ሁሉ ከንቱ አልቀረምን?» ይላል። ይህ ሰው ሑደይቢያን ያስታውስ። በ6ኛው ዓመተ ሂጅራ (628) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) 1,400 ከሚያህሉ ሰሓቦች ጋር ኢሕራም አድርገው ለዑምራ ወጡ። መካ አፍንጫቸው ሥር ደርሰው ሳለ በስምምነቱ መሠረት በዚያ ዓመት ካዕባን ሳይጎበኙ እንዲመለሱ ሆነ። ሰሓቦች እጅግ አዘኑ፤ መሥዋዕታቸውን እንዲያርዱና እንዲላጩ ሲታዘዙ እንኳ ከሐዘን ብዛት ዘገዩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በባለቤታቸው በኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ምክር ራሳቸው ወጥተው ሲፈጽሙ ግን ሁሉም ተከተሏቸው። በመመለሻቸው መንገድ ላይ ሱረቱል ፈትሕ ወረደች፤ ሰው መመለስ ያለውን አላህ ድል አለው። በዓመቱ ዑምራቸውን አደረጉ፤ በ8ኛው ዓመት (630) ደግሞ መካ ራሷ ተከፈተች። የኒያ ምንዳ ከጫፍ በመድረስና ባለመድረስ አይለካም።

ነገር ግን ይህ ለሰነፍ መሸሸጊያ እንዳይሆን እንጠንቀቅ። ግዳጅ የሆነብንን ነገር ከበደን ብለን አንተውም፤ ሰላት ብርድ ነው ተብሎ አይቀርም። ሸሪዓው ራሱ ግን ለችግር ጊዜ መንገድ አበጅቷል። ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ.) በዛቱ ሰላሲል ዘመቻ እጅግ በበረደ ሌሊት ገላቸውን መታጠብ ሲገባቸው ለነፍሳቸው ሰግተው ተየሙም አድርገው አሰገዱ፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ምክንያቱን ሲሰሙ ሳቁ እንጂ አልወቀሷቸውም። ሰላቱ አልቀረም፣ ነፍስም አልጠፋችም። ሕይወት አማና ናት፤ ግዴታ የሆነው ዒባዳ እንኳ ይህን ያህል ከተጠነቀቀላት፣ ማንም ያላዘዘን የተራራ ጫፍ እንዴት ይበልጣታል? ልዩነቱ ይህ ነው፦ ሰነፍ የሚመለሰው መንገዱ ስለከበደው ነው፤ አስተዋይ የሚመለሰው ግን አማናው ስለከበደው ነው።

ለቤተሰብ መሪ ደግሞ ነገሩ ይጠብቃል። ኢማም ከኋላው ያለውን ደካማና ሽማግሌ አስቦ ሰላቱን እንዲያቀል ታዟል። ልጆቹን ይዞ በረዶ ላይ የወጣ አባትም ሰዓቱን የሚቆርጠው በራሱ ጉልበት ሳይሆን በትንሿ ልጁ እግር ነው።

ወንድሞችና እህቶች! ይህ ምሳሌ ከኛ ደጅ የራቀ አይምሰላችሁ። በደላላ ተመርተው በበረሃና በባሕር ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱ ልጆቻችን፣ ሞትን በዐይናቸው እያዩ እንኳ ወደ ኋላ የማይሉት ለምንድን ነው? ብዙዎቹን የሚገፋቸው ከፊታቸው ያለው ሀብት ብቻ አይደለም፤ ከኋላቸው ያለው ሐፍረትም ነው። «ባዶ እጄን ብመለስ ሰው ምን ይለኛል?» ይላሉ። ይህን ሐፍረት ያሸከምናቸው እኛ ነን፤ ተመላሹን በሹክሹክታ የምንቀበል ጎረቤቶች፣ ከሰላምታ በፊት ሻንጣውን የምናይ ዘመዶች። ተራራ ላይ ያለው ሰው ለመመለስ የሚደፍረው የሞቀ ቤት እንደሚጠብቀው ሲያውቅ ነው። ስለዚህ ልጆቻችን ከመውጣታቸው በፊት እንዲህ እንበላቸው፦ «ብትመለስ በሩ ክፍት ነው፤ ከምታመጣው ነገር ይልቅ አንተ ትበልጥብናለህ።» «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ ይህች ቃል መነገር ያለባት ጧት ነው፤ ከመሸ በኋላ አትሰማም።

አላህ መውጣትን ከመመለስ ጋር የሚያውቅ ልቦና፣ ተመላሽን የሚያቅፍ ቤትም ይስጠን። አሚን።