ስለ አየር ፎቶግራፍ ምስክርነት

ሰው ምስክር ኾኖ ሲቆም ያየውን እንዲናገር ይጠየቃል። ያላየውን ነገር «አላየኹም» ይላል እንጂ «የለም» ሊል አይገባውም። ይኽ ሕፃን እንኳ የሚያውቀው ልዩነት ይመስላል፤ ዳሩ ግን ምድርን ከአየር በተነሣ ፎቶግራፍ የሚለካው ጥበብ፥ ፎቶግራሜትሪ የሚባለው፥ ኹለቱን ቃላት በቀላሉ ያደባልቃቸዋል።

ነገሩ ምን ያኽል ከባድ እንደ ኾነ ለማየት ወደ አዲስ አበባ ምሥራቅ መኼድ ይበቃል። ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ባሻገር፥ በቡልቡላ፥ በለሚና በአራብሳ፥ የረር ተራራ በሩቅ በሚታይበት ሜዳ፥ ትናንት ጤፍ ይዘራበት የነበረው መሬት ዛሬ ከተማ ኾኗል። ከቤቶቹ ብዙዎቹ በፕላን የቆሙ ናቸው፤ በመካከላቸው ግን ሕዝቡ «የጨረቃ ቤት» የሚላቸው፥ ያለ ፈቃድ በሌሊት የተሠሩ አሉ። ደግሞም ከአባቱ የወረሰ፥ ወረቀት ግን የሌለው ሰው አለ። ሰነድ አልባ የሚባለው ባለይዞታ መብቱ ሲመረመር ከሚጠየቁት ነገሮች አንዱ፥ ቤቱ በ1988 ወይም በ1997 ዓ.ም. በተነሣው የአየር ካርታ ላይ ይታያልን? የሚለው ነው። እንግዲህ አውሮፕላኑ ባለፈበት ቀን በሥዕሉ ላይ ያረፈች አንዲት ነጥብ የአንድን ቤተሰብ ዕድል ልታዞር ትችላለች ማለት ነው።

እኔ ይኽን አሠራር የምነቅፍ አይደለኹም። የሰፈር ምስክር ዘመድ አለው፥ ቂም አለው፥ መማለጃም ሊቀበል ይችላል፤ ፎቶግራፍ ግን ማንንም አያውቅም። ድኻው ጠበቃ ሳይዝ «ካርታው ይታይልኝ» ለማለት መቻሉ ትልቅ ነገር ነው። የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ይኽ ምስክር የሚያየው እንዴት ነው?

በአውሮፕላን ወደ ቦሌ የወረደ ሰው ያውቀዋል፤ ከላይ የሚታየው ጣራ ነው እንጂ ግድግዳም ድንበርም አይደለም። አዲስ ቆርቆሮ ከሩቅ ያበራል፤ የዛገው ከአፈሩ ጋራ ይመሳሰላል። ባሕር ዛፍ ያለበሰው ቤት ከነጭራሹ አይታይም። ሣር ክዳን ጎጆ የጭድ ክምር ይመስላል። ባለሙያው 60 ከመቶ ያኽል የተደራረቡ ኹለት ፎቶግራፎችን አጣምሮ ከፍታን ይለካል፤ ነገር ግን ክምርም ጎጆም ከፍታ አላቸው! ረጅም ፎቅ ደግሞ በፎቶግራፉ ላይ ከመካከሉ ወደ ውጭ ያዘነብልና ከበስተኋላው ያለውን ዝቅተኛ ቤት ይሸፍነዋል። ስለዚህ ትናንት የገባው ባለ አዲስ ቆርቆሮ ጎልቶ ሲታይ፥ ከሱ በፊት 30 ዓመት የኖረው ባለ ጎጆ ሊጠፋ ይችላል።

በዩኒቨርሲቲ ይኽን ጥበብ የሚያጠኑ ወጣቶች አኹን ኮምፒውተር ቤቶችን ከፎቶግራፍ ላይ በራሱ እንዲለይ ያስተምሩታል። መልካም ሥራ ነው። እንበልና አንዱ «ከመቶ 95ቱን በትክክል ለይቻለኹ» ብሎ ጥናቱን ፈጸመ። መምህራኑ ያመሰግኑታል፥ ማዕርጉንም ይቀበላል። ነገር ግን በሰፈሩ 2,000 ቤቶች ቢኖሩ የቀረው 5 ከመቶ 100 ቤት ነው።

እነዚህ 100 ቤቶች የማን ናቸው? በዕጣ የወጡ አይደሉም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1820ዎቹ የሃኖቨርን አገር የለካው ጀርመናዊ ሊቅ ጋውስ፥ ወዲህና ወዲያ እየዋዠቀ በብዙ ልክ መካከል የሚጣፋውን ስሕተት፥ ኹልጊዜ ወደ አንድ ወገን ከሚያዘነብለው ለይቶ አስተምሯል። የኛ ስሕተት ኹለተኛው ነው፤ በዛፍ ሥር ባለው፥ በሣር ክዳኑ፥ በፎቅ ጥግ በሚኖረው ላይ ይከማቻል። 95 ከመቶ የሚለው ቁጥር እውነት ኾኖ ሳለ ይኽን ይደብቃል።

«እኔ ለኪ ነኝ፤ መፍረድ የሹም ነው» የሚል መልስ ይሰጣል። ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለኹ፥ አንድ ጊዜም አላረካኝም። ሹሙ የጥናቱን የስሕተት ሠንጠረዥ አያነብም፤ የሚያየው በካርታው ላይ የተሰመረውን መስመር ነው። መስመር ደግሞ የተረጋገጠውም የተገመተውም በአንድ ውፍረት ይሰመራል። ጥርጣሬው የት ላይ እንዳለ የሚያውቀው የለካው ሰው ብቻ ነው። እሱ ዝም ያለ እንደ ኾነ ሹሙ ሳያውቅ ይፈርዳል፥ ባለቤቱም ማን እንደ ፈረደበት ሳያውቅ ቤቱን ይለቃል።

ሕጉ ራሱ በዚህ ረገድ ከኛ ይልቅ ጠንቃቃ ነው። የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 ይዞታ ከመመዝገቡ በፊት እንዲረጋገጥ አዝዞ ነበር፤ መለካትና ማረጋገጥ በሱ ዘንድ የተለያዩ ሥራዎች ነበሩ።

እንግዲህ ከተመራማሪው የምጠብቀው እጅግ ከባድ አይደለም። የተጠራጠረበትን ቦታ ባዶ አድርጎ ከመተው ለብቻው ምልክት ያድርግበት፤ ከዚያም ከወንበሩ ተነሥቶ፥ ጫማው አቧራ ይልበስና፥ በስፍራው ቆሞ ሽማግሌዎቹን ይጠይቅ። እንዲህ ያለው ጥናት ብዙ ጊዜ ይፈጃል፥ መቶኛውም ዝቅ ይል ይኾናል፤ ፈታኞቹም ፊታቸውን ያጠቁሩ ይኾናል። ከአራብሳ መጥቶ ቤቱን በካርታው ላይ የሚፈልገው ሰው ግን ባዶ ወረቀት አያገኝም፤ በዚያ ምልክት ላይ ጣቱን አሳርፎ ጎረቤቶቹን ለምስክርነት ይጠራል።