የሕፃናት እጅና የቤት ሥርዓት

ቤትን በንጽሕና መጠበቅ መልካም ነገር ነው፤ ልጅን ለሥራ ማብቃትም እንዲሁ። ነገር ግን ሁለቱ በአንድ ሰዓት ተገናኝተው አንዱ ለሌላው ቦታ እንዲለቅ ግድ በሆነ ጊዜ ወላጅ ሊያስቀድም የሚገባው የትኛውን ነው? ጥያቄው ትንሽ ቢመስልም የልጅ ጠባይ የሚቀረጸው በእንዲህ ያለው ትንሽ ነገር ነውና ልንመረምረው ይገባናል።

ክረምቱ አልፎ መስከረም 26 ቀን ዘመነ ጽጌ ሲገባ፣ እስከ ኅዳር 5 ቀን ድረስ እመቤታችን ሕፃኑን ልጅዋን ይዛ ወደ ግብጽ መሰደድዋን እናስባለን፤ ብዙዎችም በፈቃዳቸው 40ውን ቀን ይጾማሉ። በዚህ ወራት ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በቦሌ፣ በገርጂ፣ በሰሚትና በአያት ባሉ ቤቶች እናት ለዳቦ ቆሎ ዱቄት ስትለውስ ልጆች ከብበዋት ይቆማሉ። አንዱ ሊጡን በመዳፉ እያሸ እንደ ገመድ ያረዝማል፤ ትልቋ ትቆራርጣለች፤ ታናሽየው ደግሞ በወረቀት ላይ አደይ አበባ እየሣለ ቀለሙን በምንጣፉ ላይ ያፈሳል። በ1996 ዓ.ም. በቦሌ ገርጂ በሙከራ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤት ለብዙ ቤተ ሰብ መጠለያ ቢሆንም፣ ወጥ ቤቱ ጠባብ ነውና ጥቂት ዱቄት ከፈሰሰ ቤቱ ሁሉ የተዘበራረቀ ይመስላል። ስለዚህ የደከመች እናት «ሂዱ፣ አታበላሹ» ብላ ታሰናብታቸዋለች፤ ልጆቹም ወደ ቴሌቪዥኑና ወደ ስልኩ ይመለሳሉ። ቤቱ ይጸዳል፤ ጸጥታም ይሰፍናል።

ይሁን እንጂ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ልጁ አንድ ነገር ተምሮአል፤ ይኸውም በቤቱ የሚበላ እንጂ የሚያገለግል አለመሆኑን ነው። በ6 ዓመቱ «ልርዳሽ» ሲል የተመለሰ ልጅ፣ በ16 ዓመቱ «እርዳኝ» ሲባል እምቢ ቢል ምን ያስደንቃል? ይልቁንም ወንዱን ልጅ «ወጥ ቤት የሴት ነው» እያልን ስናርቀው፣ እኅቱ ስትደክም ተቀምጦ መመልከትን እናስተምረዋለን።

የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ሁላችን እንወደዋለን። ትምህርት ጸንቶበት፣ ሸሽቶ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ፣ አንዲት ትል ግንዱን ለመውጣት ደጋግማ ወድቃ በ7ኛው ጊዜ ስትወጣ አይቶ ወደ መምህሩ ወደ አባ ጌዴዎን ተመለሰ። ትሊቱን እናደንቃለን፤ ለገዛ ልጃችን ግን ሁለት ጊዜ እንኳ እንዲወድቅ አንታገሥም።

ይህን ስንል ዝርክርክነትን ማመስገናችን አይደለም። ዱቄት የገበሬ ላብ ያለበት የእግዚአብሔር ስጦታ ነውና በጨዋታ ሊባክን አይገባም፤ የጋለ ምጣድም ለሕፃን እጅ አይሰጥም። ዳሩ ግን ሲማር ያፈሰሰና ሲቀልድ ያባከነ አንድ አይደሉም። ያፈሰሰውን ራሱ መጥረጊያ ይዞ እንዲጠርግ ቢደረግ፣ ሥራንና ሥርዓትን በአንድ ቀን ይማራል።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ቤታችን ለልጆቻችን እጅ ክፍት ይሁን። ከሠሩትም ዳቦ ቆሎ፣ አንዱ ተልቆ አንዱ ደቅቆ ቢታይም፣ አንድ እፍኝ ለጎረቤት አረጋዊ ይዘው ይሂዱ። የመበለቲቱን ሁለት ሳንቲም ያልናቀ ጌታ የሕፃናቱንም ድካም አይንቅም። ለዚህም ቸርነቱ ይርዳን፤ አሜን።