የሌላውን መከራ መመልከት

በፊልም ላይ የተገለጠውን የሰው መከራ አይቶ ማልቀስ በጎ ሥራ ነውን? ወይስ ለራሳችን የምንሰጠው ማጽናኛ ብቻ ነው? ባለፉት ዓመታት በሀገራችን በተካሄዱት ጦርነቶች የተገደሉ ወገኖች ምስል ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ሁላችን አይተናል። ከትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪዎቻችንም አንዳንዶቹ «እንዲህ ያለውን ማየት ኃጢአት ነውን? ለሌላው ማስተላለፍስ?» ብለው ይጠይቃሉ። አጭር መልስ ሰጥቶ ማሰናበት ይቻል ነበር። ነገር ግን ጉዳዩ ለእኛ ለወሎ ሰዎች የቆየ ታሪክ አለው፤ ስለዚህ በቅርቡ የተመለከትኋቸውን ጥቂት ፊልሞች ይዤ ነገሩን ከሥሩ ለመመርመር እወዳለሁ።

የመጀመሪያው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሀብ ያዘጋጀው ፊልም ነው። «ያልታወቀው ረሀብ» በሚል ርእስ በእንግሊዝ ሀገር ቴሌቪዥን የታየው ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. ነበር። ርእሱ ራሱ ክስ አለበት፤ ረሀቡ ለተራበው ሰው ያልታወቀ አልነበረምና። ያልታወቀው ለዓለም ነው፤ በሀገር ውስጥም የሚያውቁት ባለሥልጣናት እንዳይታወቅ አድርገዋል። ፊልሙ አጭር ነው፤ ጩኸት አያበዛም፤ ፊቶችን ረጋ ብሎ ያሳያል። የእንግሊዝ ሕዝብ ባየው ነገር ተነክቶ ገንዘብ አዋጣ።

ከዓመት ገደማ በኋላ ግን ይኸው ፊልም ሌላ ሥራ ተሰጠው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ደርግ የረሀብተኞቹን ምስል ከቤተ መንግሥት ግብዣና ከድሎት ኑሮ ምስሎች ጋር እያፈራረቀ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ እንዲያስብ እፈልጋለሁ። ከተቀላቀሉት ምስሎች አንዱም ሐሰት አልነበረም። ረሀቡ እውነት ነበር፤ ግብዣውም እውነት ነበር፤ የመንግሥቱም ዝምታ እውነትና ከባድ በደል ነበር። ታዲያ ኅሊናን የሚቆረቁረው ነገር ምንድን ነው? የወሎ ገበሬ በዚያች ሌሊት ለምስክርነት ተጠርቶ ቆመ፤ ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ ግን ምስክሩ ምን በላ፣ የት ገባ ብሎ የጠየቀ ብዙ አልነበረም። የቴሌቪዥኑ ሥርጭት በአብዛኛው ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ ስለማያልፍ፣ ምስሉ የታየበት ሰው ራሱ ምስሉን አላየውም። የረሀቡን መደበቅ ያወገዘው ያው መንግሥት ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 1977 ዓ.ም.፣ ወሎና ትግራይ እየተራቡ የአብዮቱን ዐሥረኛ ዓመት በታላቅ ድምቀት አከበረ። ሰውን ስለ ራሱ ሳይሆን በሌላው ላይ ለመፍረድ ብቻ ማሳየት በሰውየው መገልገል ነው፤ ምስሉ እውነት መሆኑም ከዚህ በደል ነጻ አያወጣም።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ ማይክል በርክ የተባለው የቢቢሲ ጋዜጠኛ ኬንያዊው መሐመድ አሚን ያነሣውን ፊልም ይዞ ቀረበ። ስፍራው ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር የነበረችው ኮረም ናት። ዘገባው ሰባት ደቂቃ ያህል ብቻ ይፈጃል። ዛሬም ሲታይ አንጀት ይበላል። ንጋት ነው፤ ጭጋግ አለ፤ ሜዳውን የሸፈነው ሕዝብ በጋቢና በብጥስጣሽ ጨርቅ ተከናንቧል። ጋዜጠኛው ትዕይንቱን በመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን ከነበረ ረሀብ ጋር ያመሳስለዋል። ይህ አነጋገር ብዙ ልብ ነክቷል፤ እኔ ግን ቅር ይለኛል። ረሀቡን ከጥንት የመጣ የተፈጥሮ መቅሠፍት ያስመስለዋል፤ በዚያን ጊዜ በሰሜን ይካሄድ የነበረውን ጦርነትና ሰው ሠራሽ ምክንያቶችን ወደ ጥላ ይገፋቸዋል።

ቅዱስ አውጎስጢኖስ በኑዛዜው ሦስተኛ መጽሐፍ በወጣትነቱ በካርቴጅ ከተማ ትያትር ያዘወትር እንደ ነበር ይተርካል። ያስደነቀው ነገር፣ ሰው በራሱ እንዲደርስ የማይሻውን ኀዘን በመድረክ ላይ ለማየት መጓጓቱና በማዘኑም መደሰቱ ነው። ተመልካቹ እንዲያዝን እንጂ እንዲረዳ አይጠራም፤ ታዲያ ይህ ምን ዓይነት ምሕረት ነው ይላል ቅዱሱ። በትያትር ላይ የሚያለቅሰው ተዋናይ ስለሆነ ባለመርዳታችን የሚጎዳ የለም። የኮረም ሰዎች ግን ተዋንያን አልነበሩም። አደጋው እውነተኛውን ሰው ከትያትር በተማርነው ዐይን የማየታችን ነው፤ አልቅሰን፣ ቀለል ብሎን፣ ወደ ሚቀጥለው ዝግጅት እንሻገራለን።

«የ1977ቱ እንባ እኮ ስንዴ ሆኖ መጣ» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ልናቃልለውም አይገባም። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላደልፊያ የተካሄደው ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት ከዚያ ዘገባ የተወለደ ነው። የካቶሊክና የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የርዳታ ድርጅቶችም በአንድነት ሆነው እህል ሲያከፋፍሉ ምስሉ መንገድ ጠርጎላቸዋል። ስለዚህ ማየት የምሕረት መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። በሉቃስ ወንጌል ካህኑም፣ ሌዋዊውም፣ ሳምራዊውም የቆሰለውን ሰው አይተውታል፤ በማየት ሦስቱም እኩል ናቸው። ወንጌላዊው ስለ ሳምራዊው ኀዘኔታ በአንድ ቃል ተናግሮ ሲያበቃ ዘይቱን፣ ወይኑን፣ አህያውን፣ የእንግዳ ማረፊያውን፣ ሁለቱን ዲናር አንድ በአንድ ይቆጥራል። (ካህን መጀመሪያ ማለፉን ስናነብ እኛ ካህናት ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን።)

በዚያው ሰሞን ከመቀሌ በቀረበው ዘገባ ክሌር በርትሺንገር የተባለች የቀይ መስቀል ነርስ ትታያለች። ምግቡ ለሁሉም ስለማይበቃ ከተሰለፉት ሕፃናት መካከል የሚመገቡትን ጥቂቶች መምረጥ ነበረባት። ከብዙ ዓመታት በኋላ ይህ ምርጫ ምን ያህል እንዳቈሰላት ተናግራለች። ሚሊዮኖች ሲያለቅሱ እርስዋ ለማልቀስ ፋታ አልነበራትም። እኔ ከዘገባዎቹ ሁሉ የማልረሳው የእርስዋን ፊት ነው።

ስለ ልብ ወለድ ፊልም ብዙ አልናገርም፤ «ጤዛ»ን ግን ሳልጠቅስ አላልፍም። ኃይሌ ገሪማ የሠራው ይህ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም በዓል ልዩ የዳኞች ሽልማት አግኝቷል። በጀርመን ተምሮ፣ አካሉ ጎድሎ ወደ ጣና ዳር መንደሩ የተመለሰው አንበርብር ስለ ደረሰበት ነገር የምናውቀው በቁርጥራጭ ትዝታ ነው። ለጦርነት እንዳይወሰዱ በዋሻ የተሸሸጉት ልጆች የሚያስለቅሱ ናቸው፤ ሆኖም ፊልሙ ለእንባ አይቸኩልም። ርዝመቱ ይሰለቻል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን የሰው መከራ በሰባት ደቂቃ እንደማይታወቅ ያስተማረኝ ርዝመቱ ነው።

ወደ ተነሣንበት ጥያቄ ስንመለስ፣ ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ መገናኛ ብዙኃን ባወጣው ድንጋጌ ክፋትን ማሳየት ሰውን በጥልቀት ለማወቅ ሊረዳ እንደሚችል፣ ነገር ግን በሥነ ምግባር ሕግ መገዛት እንዳለበት ያስተምራል። ማየት በራሱ አልተከለከለም ማለት ነው። አውጎስጢኖስ ግን በስድስተኛው መጽሐፍ ስለ ወዳጁ ስለ አሊጲዮስ የሚነግረን አለ። ጓደኞቹ ሰው ከሰው እየተጋደለ ወደሚታይበት ስፍራ ጎትተው ወሰዱት፤ ዐይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ፤ ሕዝቡ ሲጮኽ ገለጠ፤ ደሙን ባየ ጊዜም ጭካኔውን አብሮ ጠጣ። ከዚያ በኋላ ሌሎችን እየጎተተ የሚሄደው እርሱ ሆነ። በስልክ የሚዞረው የግድያ ምስል የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ማስተላለፍ ማለትም ሌላውን መጎተት ነው። በእኔ ፍርድ፣ በደልን ለሚመረምርና ለሚፈርድ አካል ማስረጃ ማድረስ ተገቢ ነው፤ ሟቹ ጠላት ነው ተብሎ ለመሳለቂያ፣ ወይም ወገን ነው ተብሎ ለበቀል ማነሣሻ ፊቱን ማዞር ግን ከባድ ኃጢአት ነው። ሟቹ እናት አለው፤ ምስሉ ወደ እርስዋም ስልክ ይደርሳል።

ከአሮጌዎቹ ፊልሞች አንድ ነገር አጥቻለሁ። ካሜራው የተጓዘው በአብዛኛው ከደሴ ወደ ሰሜን በሚወስደው አውራ ጎዳና ነው፤ ከእኛ ከምዕራቡ ደጋ፣ ከለጋምቦ፣ ከከላላ፣ ከወግዲ ወይም ከመካነ ሰላም አንድ ፊት እንኳ አላየሁባቸውም። እነዚያን ዓመታት ያሳለፉ አረጋውያን ግን ዛሬም በመካከላችን አሉ። የኮረሙን ዘገባ አብረውኝ ከተመለከቱት አንዲት እናት፣ ከሁለት ወር ልጅዋ ጋር በአንድ ጨርቅ ተጠቅልላ በታየችው ሟች ላይ ሲደርሱ፣ አላለቀሱም። «ስሟ ማን ነው?» አሉኝ። ዘገባው አይናገርም፤ ክርስቲያን ትሁን ሙስሊም አይታወቅም። «ታዲያ በማን ስም እንጸልይላት?» ሲሉ፣ በቅዳሴ ስለ ሙታን በምንጸልይበት ጊዜ «የኮረሟ እናት ከነልጅዋ» ብለን እንድናስባት ተስማማን።