የደከመ እግርና የፈቃድ ልክ

ከሕመም ወይም ከረጅም ዕረፍት ተመልሶ አቋሙን በመገንባት ላይ ያለ ሯጭ ለውድድር ሲሰለፍ የሚነሣው ጥያቄ የጉልበት ብቻ አይደለም፤ ፈቃድ ሥጋን እስከ የት ማዘዝ ይችላል የሚልም ነው። ልብና ትንፋሽ ቀድመው ያገግማሉ፤ ጅማትና አጥንት ወደ ኋላ ይቀራሉ። ስለዚህ ትንፋሹ ሳይቆራረጥ ባቱ ይደነድንበታል፣ ዳገት ላይ ጉልበቱ አልነሣ ይለዋል። አሪስቶትል ድፍረትን በፍርሃትና በግብታዊነት መካከል አስቀምጦታል፤ ችግሩ መካከሉ ከሩጫው በፊት አለመታየቱ ነው።

አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1964 ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የቶኪዮን ማራቶን አሸነፈ። በ1968 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ግን የእግር ጉዳት 17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ አስቆመው። በዚያው ውድድር ማሞ ወልዴ፣ ከሳምንት በፊት በ10,000 ሜትር ብር ባገኘበት እግር፣ ወርቁን ወሰደ። ውጤት ብቻ የሚያይ ሰው አንዱን ጀግና ሌላውን ተሸናፊ ይላል። ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው። ቤተ ክርስቲያን እንኳ፣ ጾምን ያህል ነገር ይዛ፣ ሕመምተኛን ታሳርፋለች። የመላ እግር ዝለት ሊታገሡት የሚገባ ነው፤ በአንድ ቦታ የሚወጋ ሕመም ሲመጣ ግን ማቋረጥ ከስንፍና አይቆጠርም።